አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ጠፍቶ አልነሳ ሲል፦ አንዱን ብልሽት ሁለት የሚያደርጉ ስህተቶች

ተጎትተው ወደ ጋራዥ ከሚመጡ አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ ሁለት ብልሽት ይዘው ይገባሉ። አንደኛው መኪናውን መንገድ ላይ ያቆመው ነው። ሁለተኛው ከቆመ በኋላ በባለቤቱ፣ በአላፊ አግዳሚውና «እስኪ እኔ ልየው» ባዩ ሁሉ የተጨመረ ነው። የመጀመሪያውን ማግኘት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛው ግን ቀኑን ይበላዋል፤ የትኛው ሽቦ ከየት እንደተነቀለ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ የሚያስታውስ ሰው አይገኝምና።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) እና ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ስላላቸው መኪናዎች ነው፦ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ላዳ፣ ቮልስዋገን፣ የድሮ ፔጆ። በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚን በግፊት ስለሚረጭላቸው ቀደምት ኢንጄክሽን መኪናዎች ወደ መጨረሻው ጥቂት እጨምራለሁ። ናፍጣ የራሱ ጠባይ ስላለው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

እንዴት እንደጠፋ ሳያስታውሱ ኮፈን መክፈት

መኪናው ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ያሳየው ጠባይ ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ይናገራል። አሽከርካሪው ግን ይህን ልብ ሳይል ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። «እንዴት ጠፋ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ዝም ብሎ ጠፋ» የሚል ነው። ዝም ብሎ የሚጠፋ መኪና አላየሁም።

ሞተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ቁልፍ የተዘጋበት ይመስል በአንዴ ጭጭ ካለ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ያጋድላል፦ ኮይል (የባትሪውን ኃይል አሳድጎ እሳት የሚያደርገው)፣ ኮንደንሰር፣ የላላ ሽቦ፣ ከቁልፉ ወደ ኮይሉ የሚሄደው መስመር። ጉልበት እያጣ፣ እየተንተፋተፈ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይብስ እያነቀው ከጠፋ ቤንዚን እያጠረው ነው። ከመጥፋቱ በፊት የፊት መብራቱ ደብዝዞ፣ ፍሬቻው ፍጥነቱን ቀንሶ ከነበረ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ካቆመ ቆይቷል፤ መኪናው እስከዚያ የሄደው ባትሪው ውስጥ በቀረው ነው። የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነክቶ ከነበረ ደግሞ ስለ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የት እንደጠፋ ያስቡ። ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ከቤት እንደወጡ ነው ወይስ ሞተሩ ከጋለ በኋላ? ጉድጓድ ከመታ በኋላ? ውሃ ከተሻገረ በኋላ? ማደያ ቀድተው ከወጡ በኋላ? እነዚህን ለመመለስ እጅ ማቆሸሽ አያስፈልግም። አራቱንም ፍሬቻ አብርተው፣ መኪናውን ከመንገዱ ጠርዝ አስጠግተው፣ ተቀምጠው ማሰብ ይበቃል።

«አልነሳም» ብሎ ማቆም

«አልነሳም» ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም ሞተሩን እያቃሰተ ካዞረው፣ ነገሩ ከባትሪው፣ ከባትሪው ማሰሪያዎች ወይም ከሞተሪኖው አያልፍም። ካንዴላ መፍታት አይጠበቅብዎትም። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረው ካልተነሳ ባትሪውን ይተዉት፤ የጎደለው እሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ወይም ቤንዚን ነው። ሦስተኛው ብዙዎች ልብ ሳይሉ የሚያልፉት ነው፦ ሞተሩ ከወትሮው በተለየ ቀሎትና ፈጥኖ ይዞራል፣ ድምፁም እንደ ልማዱ አይቆራረጥም። ይህን ከሰሙ እጅዎን ከቁልፉ ያንሱ። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ደጋግሞ ማዞር ፒስተኑን ከቫልቩ ጋር ያጋጫል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው ሌላ ሰው ለአንድ አፍታ ቁልፉን ሲያዞር ይመልከቱ። ሞተሩ እየዞረ ውስጥ ያለው ሮተር ከቆመ፣ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ነገር ተበጥሷል። መንገድ ላይ የሚሠራ ሥራ ስላልሆነ ጎታች ይጥሩ።

ዕቃ መቀየርን እንደ ምርመራ መቁጠር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

መኪናው ይጠፋል፤ አንድ ሰው «ኮይል ነው» ይላል፤ ኮይል ይገዛል። አልተነሳም። «እንግዲያው ኮንደንሰር ነው።» ኮንደንሰር ይገዛል። ከዚያ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው)፣ ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በቤንዚን ይታጠባል፣ ከዚያ ፓምፕ። በመካከሉ አንድም ጊዜ «እሳት አለ ወይ?» ብሎ ያየ ሰው የለም። መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ መግዛት ቆሞ ከመመርመር ይቀላል፤ አንድ ነገር የተሠራም ያስመስላል። ባለ መኪናውም ዕቃ ሲቀየር ሲያይ ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለ ይመስለዋል። መካኒኩ ቆሞ ሲያስብ ካየ ግን «ይሄ ሰው አያውቅም እንዴ?» ይላል። የማያውቀውስ ሳያስብ የሚፈታው ነው።

አንድ ደንበኛ ዲኤክሱን ይዞ መጣ። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀየሩ ዕቃዎች የሞሉት ፌስታል ነበር። መኪናው ከተማ ውስጥ ጥቂት ይሄድና እየተንተፋተፈ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆሞ ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ሁለት ጋራዥ ዞሯል። ከመፍታቴ በፊት ይዤው ወጣሁ። ሲጠፋብኝ ወርጄ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፈትኩት፤ አየር «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ መኪናውም ተነሳ። ለካ የፊተኛው ክዳን ተሰርቆበት ሌላ ገዝቷል፤ የገዛው ክዳን ደግሞ አየር ማስገቢያ የለውም። ፓምፑ ቤንዚን በሳበ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ በመጨረሻ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ቆሞ ሲቆይ አየር በየቀዳዳው ቀስ ብሎ ይገባና ይስተካከላል። ፌስታሉ ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አብዛኞቹ ጤነኞች ነበሩ።

መላ ምት ልማድ ሲሆን ከገንዘብ በላይ ያስወጣል። አዲስ ዕቃ ማለት ደህና ዕቃ ማለት አይደለም። ከካርቶኑ የወጣ ኮንደንሰር ሳይሠራ ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ፈላጊው «ኮንደንሰሩማ አዲስ ነው» ብሎ ያልፈውና ሌላ ቦታ ሲቆፍር ይውላል። ኮይል ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የሚሠራው ከውጭ ከሚገጠም ሪዚስተር ጋር ነው፤ ሲለካ የመጀመሪያ ጥቅሉ 1.5 ኦም ገደማ ያሳያል። ያለ ሪዚስተር የሚሠራው 3 ኦም ገደማ ነው። ሪዚስተር የሚፈልገውን ኮይል ሪዚስተር በሌለው መኪና ላይ ከገጠሙት ጥቂት ይሠራና ይግላል፤ ፑንቲናውንም ያቃጥላል። ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱ። የተነቀለውንም ዕቃ ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ አይጣሉት።

አንድ ነገር ብቻ ይንኩ፣ ውጤቱን ይዩ፣ ካልሆነ ወደ ነበረበት ይመልሱና ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ነክተው መኪናው ቢነሳ እንኳን የትኛው እንዳስነሳው አያውቁም፤ የሚያውቁት ሲጠፋ ብቻ ነው።

መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ መመርመር

ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ብዙ መካኒክ አሳፍሯል። ተጎትቶ ሲደርስ ቀዝቅዟል፤ ቁልፉ ሲዞር ይነሳል፤ ሁሉም ነገር ሲለካ ደህና ነው፤ ባለቤቱ ተደስቶ ይወስደዋል፤ ማታ እዚያው መንገድ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያዘው መኪናው በጠፋበት ቅጽበት እንጂ በማግስቱ አይደለም።

ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ ከሩቅ ሲያዩአቸውም ይመሳሰላሉ። አንደኛው ሲግል ውስጡ የሚቋረጥ ኮይል ነው። ሁለተኛው ቤንዚኑ ፓምፕ ላይ ወይም ቱቦ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎቱን መግፋት ያቅተዋል። ሁለቱም ሙቀት ይወዳሉ፣ ሁለቱም ቆይተው ይተዋሉ።

አገራችን ለሁለተኛው የተመቸች ናት። ከፍታ ሲጨምር ፈሳሽ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ድሮም ከውሃ ባነሰ ሙቀት የሚተን ነው። ዓባይ በረሃን ያቋረጠ አሽከርካሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ታች ያለው ሙቀት ሌላ ነው። ከዚያ ወደ ደጀን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪና ኋላ ተጣብቀው፣ ነፋስ ሳያገኙ ይወጣሉ። ካርቡሬተር ያለው መኪና ዳገቱ ሳያልቅ ይንተፋተፍና ይቆማል። ረዳት የነበርኩ ጊዜ አንድ አዛውንት ሹፌር ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅና አንድ ጀሪካን ውሃ ይይዙ ነበር። መኪናው ሲቆም አይደነግጡም፤ ጨርቁን ነክረው የቤንዚን ፓምፑ ላይ ይጠቀልሉና ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። የሚጣደፍ ሰው ካዩ «ተወው ልጄ፣ እሱም ይረፍ» ይሉት ነበር።

ጨርቁ መፍትሔ ብቻ ሳይሆን መመርመሪያም ነው። መኪናው እንደጠፋ ፓምፑንና ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዘው ወዲያው ከተነሳ፣ ነገሩ የቤንዚን እንፋሎት ነው። ካልተነሳ፣ ቁልፉን ዘግተው የኮይሉን አካል በጨርቁ ያቀዝቅዙ፤ ውሃው የሽቦዎቹ መያዣ ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። በዚህ ከተነሳ ኮይሉ ነው። ከዚህም የሚሻለው በጠፋበት ሰዓት እሳቱን ማየት ነው።

እሳትን በእጅ መፈተሽ

የካንዴላ ገመድ በእጅ ይዞ «ሲመታኝ አውቃለሁ» የሚል ጀግና በየጋራዡ አለ። ይተዉት። ሌላ ካንዴላ ገመዱ ላይ ይሰኩ፤ የካንዴላውን ብረት ቀለም ከሌለው የሞተር ብረት ጋር አስነክተው ያስቀምጡ፤ ካርቡሬተሩና የፈሰሰ ቤንዚን ካለበት ያርቁት፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሰማያዊና «ጥስ ጥስ» የሚል ጠንካራ ብልጭታ ጤነኛ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ ከዲስትሪቢዩተሩ መሀል የሚገባውን ወፍራም ገመድ በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ፦ እዚያ እሳት ኖሮ ካንዴላው ጋ ከሌለ ጥፋቱ ክዳኑ ወይም ሮተሩ ላይ ነው። ፑንቲናው መከፈት አለመከፈቱንም ይዩ፤ ክፍተቱ በአብዛኞቹ በእነዚህ መኪናዎች 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ተበልቶ ሳይከፈት ሲቀር እሳት አይኖርም። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ባለው መኪና ላይ ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥለው አያዙሩ፤ ሞጁሉን (እሳቱን የሚቆጣጠረውን ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ሊገድለው ይችላል።

በካርቡሬተር አፍ ቤንዚን ማፍሰስ

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚጎዳው ይህ ስለሆነ በቁጣ ብናገር አይፈረድብኝ። የአየር ማጣሪያው ተነስቶ፣ አንዱ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ያፈሳል፣ ሌላው ቁልፍ ያዞራል። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ከተኮሰ ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ይመጣል፤ ጠርሙሱ በሰው እጅ ነው። ፊቱ ወደ ካርቡሬተሩ ያጎነበሰ ሰው የት ይሸሻል? ቤንዚን መድረሱን ማወቅ ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስተው፣ ሞተሩ ቆሞ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ወደ ውስጥ እያዩ የካርቡሬተሩን የነዳጅ መክፈቻ በእጅ አንድ ጊዜ ይሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ካልተረጨ ፍለጋው ወደ ኋላ ይሂድ፦ ፊልትሮ (የቤንዚን ማጣሪያው)፣ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ታንክ።

ቱቦ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። በታንኩና በፓምፑ መካከል ያለው ጎማ ቢሰነጠቅ ቤንዚን ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ፓምፑ በስንጥቁ አየር ይስባል እንጂ። «ምንም አያፈስም» ማለት ቱቦው ደህና ነው ማለት አይደለም። ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ሲጨልም ታንክ ውስጥ ለማየት ክብሪት ወይም ላይተር የሚያበራ ሰው ካዩ ከአጠገቡ ይራቁ።

የቤንዚን መለኪያን ማመን

አሮጌ መኪና ላይ መለኪያው ይዋሻል። ሌላ ከመንካትዎ በፊት አምስት ሊትር ይጨምሩ። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተው ከነበረ ደግሞ ከፊልትሮው ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ይዩት፤ ውሃ ካለበት ከታች ይቀመጣል።

ቁልፉን አለማቋረጥ፣ ፔዳሉን መርገጥ

ሞተሪኖ ከአሥር ሰከንድ በላይ ያለ ዕረፍት አይዞርም፤ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። ነዳጅ መስጫውን በረገጡ ቁጥር ደግሞ ካርቡሬተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፤ ሃያ ጊዜ የረገጠ ሰው ካንዴላዎቹን አጥቧቸዋል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቾኩን (የካርቡሬተሩን የአየር መዝጊያ) አየር እንዲገባ ከፍተው፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠው ሳይለቁ፣ ቁልፉን ያዙሩ። ካልሆነ አሥር ደቂቃ ይተዉት።

ዲናሞ ለመፈተሽ ባትሪ መንቀል

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት ከጥንት የወረስነው ብልሃት ነው፤ ለጥንቶቹ ዲናሞዎች ሳይጎዳ አልፎ ይሆናል። አሁን ባሉት ላይ ግን ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል፤ የዲናሞውን ሬጉሌተር፣ ሬዲዮውን፣ ኢንጄክሽን ከሆነ ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር በርካሽ ይገኛል። ሞተሩ ጠፍቶ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው። ሞተሩ ተነስቶ 13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። 12 አካባቢ ከቀረ አይሞላም፤ ከሌላ መኪና በገመድ አስነስተው ቢሄዱም ብዙ ሳይርቁ ይቆማሉ።

ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ማሰሪያዎቹን ፈትተው ነጭና አረንጓዴውን ዝገት ያጽዱ። ከባትሪው ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍም እንዲሁ። ስንት «የሞተ» ባትሪ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ እንደዳነ ባለ ባትሪ ሱቆች ባይሰሙ ይሻላል።

በሙቀት የጠፋን ሞተር መቀስቀስ

የራዲያተር ክዳን ሲግል አይከፈትም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ሳይቀዘቅዝ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ሊሰነጥቀው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከቀዘቀዘ በኋላ ተነስቶ ነጭ ጭስ ካበዛ፣ ወይም የዘይቱ መልክ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዷል፤ አይንዱት።

በግፊ ማስነሳት

አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም። በማንዋሉም ቢሆን ሞተሩ የጠፋ መኪና ቁልቁል ሲለቀቅ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደሚደድር ያስታውሱ።

ኢንጄክሽን መኪና ላይ ድምፅ መጠበቅ

«ቁልፉን ስከፍት ፓምፑ አልጮኸም፣ ስለዚህ ሞቷል» ብሎ ታንክ የሚያወርድ አለ። ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪናዎች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያሠሩታል። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ግን ብዙዎቹ እንዲህ አያደርጉም፤ ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ ከታንኩ ጋ ያዳምጡ። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌዩን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) ይዩ። መመርመሪያ ማሽኑ «ኮድ የለም» ስላለም ሁሉም ደህና ነው አይባልም፤ ሲግል የሚቋረጥ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ኮድ ሳይጽፍ እሳቱንም ቤንዚኑንም አብሮ ሊዘጋ ይችላል።

ክረምት ላይ

ሐምሌና ነሐሴ ኩሬ ተሻግሮ የጠፋ መኪና የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ተከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ገመዶቹም እንዲሁ። ሌላ ምንም አይንኩ።

ለመካኒክ ትእዛዝ መስጠት

«ኮይል ቀይርልኝ» ተብሎ የታዘዘ መካኒክ ኮይል ቀይሮ ሂሳቡን ይቀበላል። «ከጋለ በኋላ ዳገት ላይ እየተንተፋተፈ ጠፋ፤ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ተነሳ፤ እሳት አይቼ ነበር፣ ሰማያዊ ነው» ካሉት ግን ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ወደ ቤንዚን መስመሩ ይሄዳል።